የጋሽ ዘገዬ ግራ ዓይን

ሰይፈ ሚካኤልን የማያውቅ ሰው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ካለ፣ ባነር አሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው። ያሠራማ ሁሉ ያውቀዋል፤ ተሰድቦ ነዋ የተመለሰው! ክፋት የለበትም፣ ድሬ ውስጥ ስድብና ሰላምታ ያን ያህል አይራራቁም። ግን በፎቶ ከመጣህበት ዘመድ አያውቅም። ደንበኛ ስልኩን ዘርግቶ «ይቺን በትልቁ አውጣልኝ» ሲለው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅልና ጠጋ ብሎ ያያል። አይቶም፣ «አቦ፣ ይሄ ፎቶ ነው ወይስ የፎቶ ወሬ?» ይላል።

«ሠርግ ላይ የተነሳነው ነው።»

«በምን መጣ?»

«በቴሌግራም።»

«በላው በለኛ! ቴሌግራም እኮ ግማሹን በልቶ ነው የሚያሳልፈው። ሂድ፣ ዋናውን በፋይል አስልከህ ና።»

እሺ ብሎ የሚሄድ አለ። የሚከራከርም አይጠፋም፤ በተለይ ዩቲዩብ ላይ ሁለት ቪዲዮ ያየ ጎረምሳ ከሆነ። «ሪዞሉሽኑን ሦስት መቶ ብታደርገው እኮ ይጠራል» ይለዋል። ያን ጊዜ ሰይፈ ሚካኤል ሥራውን ጥሎ ይነሳል። ተከራካሪውን በትከሻው ይዞ ስክሪኑ ፊት ያቆመዋል።

«ና እይ። ይሄ ምስል ወደ ጎን ስድስት መቶ ነጥብ አለው። ያለው ይሄው ነው፣ በቃ። በአንድ ኢንች ውስጥ ሦስት መቶ ነጥብ ይግባ ብዬ ብጽፍ፣ ነጥቦቹ ይጠጋጋሉ እንጂ አይጨምሩም። ፎቶህ ሁለት ኢንች ይሆናል፤ የክብሪት ቀፎ ያህል። ጥርት ይላል፣ ክብሪት ላይ ለጥፈው! አይ፣ በር የሚያክል ይሁን ካልከኝ ደግሞ ማሽኑ የሌለውን ነጥብ ከየት ያመጣል? ከራሱ እየገመተ ይሞላዋል። ወጥ አነሰ ብለህ ውሃ እንደ መጨመር ነው። በዛ፣ አዎ። ማን ይበላዋል?»

ከተሳደበ በኋላ ግን ያስተካክልልሃል፣ ለነገሩ ቅን ሰው ነው። መንገድ ላይ ከፍ ብሎ ለሚሰቀል ባነር ብዙ ነጥብ አያስፈልግም፣ ዓይን ከሩቅ ያቻችለዋል፤ እጅ ላይ ተይዞ የሚታይ ወረቀት ግን ምንም አይምርም። ስለዚህ ሥራ ሲቀበል የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ «ከምን ያህል ርቀት ነው የሚታየው?» የሚል ነው። በቅርቡ ደግሞ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የብዥታ ፎቶ የሚያጠራ ፕሮግራም መጣ ተብሎ ወጣቱ ሁሉ እያጠራ ሲያመጣለት፣ አንዱን ሰውዬ «ይሄ እኮ ወንድምህ አይደለም፣ ወንድምህን የሚመስል ፈረንጅ ነው» ብሎ መልሶታል። ይህ ወሬ ከተማውን አስቆ ነበር።

ሙያውን የጀመረው ገና ጢሙ ሳያቀመቅም፣ ይሳቅ በሚባል ሰው ፎቶ ቤት ነው። ይሳቅ በፊልሙ ዘመን በቀጭን ብሩሽና በእርሳስ የሰው ፊት የሚያሳምር እጅግ የተመሰገነ ባለሙያ ነበር። «ሰው ፎቶ ቤት የሚመጣው ራሱን ሊያይ መሰለህ?» ይለው ነበር። «አምሮ ሊታይ ነው።» ስለዚህ ጠባሳ ይጠፋል፣ ማድያት ይጠፋል፣ የደከመ ዓይን ይነቃል። ይህ ነገር ሰይፈ ሚካኤል እጅ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ብሩሹ ቀርቶ ማውስ ሲመጣ እንኳ እጁ ያው ነው፤ ፊት ላይ ጠቆር ያለ ነገር ካየ፣ ከደንበኛ ጋር እያወራ፣ ሳያስበው ያብሰዋል።

አባቱ ጋሽ ዘገዬ የምድር ባቡር ሰው ናቸው። ጉልበታቸውን የጨረሱት ሐዲዱን በእግራቸው እየተከተሉ የላላውን ብሎን በማጥበቅ ነው። አንድ ቀን ከሐዲዱ የተፈናጠረ ብረት ፊታቸውን መታቸው። ዓይናቸው ለጥቂት ተረፈ፣ የግራ ዓይናቸው ቆብ ግን ወርዶ ቀረ፤ አንዱ ዓይናቸው ነቅቶ ሌላው የተኛ ነው የሚመስለው። ጉንጫቸው ላይም ጠቆር ያለ ጠባሳ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ካዩ ይሸሻሉ። የልጃቸው ፎቶ ቤት ውስጥ እየገቡ እየወጡ አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው አያውቁም። «የኔን ጉድ አትመህ ለማን ልትሸጥ ነው?» ይሉታል።

ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ሰይፈ ሚካኤል ቤት ገቡ፤ መርሳት የጀመሩትም ያኔ ነው። መጀመሪያ ቁልፍ ነበር የሚረሱት። ቀጥሎ የልጅ ልጃቸውን የሶፊን ስም። እያደር ልጃቸውን ራሱን በድሮ የሥራ ባልደረባቸው ስም መጥራት አመጡ። መታወቂያቸውን ጥለዋል፤ አዲስ ለማውጣት ፎቶ ተነሱ ሲባሉ ከቀበሌው ደጃፍ ተቆጥተው ተመለሱ። ጠዋት ጠዋት ግን ማንም ሳያሳያቸው ለገሃር ደርሰው፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ጥላ ሥር ተቀምጠው ለምሳ ይመጡ ነበር። ቢሳሳቱም ችግር የለም፣ ሰፈሩ ያውቃቸዋል። የባጃጅ ሾፌር ሁሉ «ሀዬ፣ አባባ፣ ግባ» ብሎ ቤታቸው ያደርሳቸዋል።

አንድ ቀን ለምሳ አልመጡም።

ሰይፈ ሚካኤል ሱቁን እንደተከፈተ ጥሎ ወጣ። ለገሃር የሉም። ሳቢያን ሰፈር የሉም። ቤተ ክርስቲያን፣ ሆስፒታል፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ በደረቁ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሳይቀር ዞረ። ሳይመለሱ ነጋ። ሚስቱ ስምረት ፊቷ አብጦ በሩ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ሊስትሮ ብቻ፣ ሽማግሌው ከከተማ በሚወጡት መኪኖች በኩል ሲያልፉ እንዳየ ተናገረ። በየትኛው እንደ ገቡ ግን አላየም።

«ወረቀት እንለጥፍ» አለ ቡልቻ። ቡልቻ ከልጅነት ጀምሮ የሰይፈ ሚካኤል ጓደኛ ነው፤ ወደ ዋሂልና ወደ ገጠሩ የሚሄድ ሚኒባስ ይነዳል። «ዛሬ ከሰዓት የመጨረሻውን ጉዞ እወጣለሁ። አሁን አትምልኝና በየፌርማታው ለጥፌ ልምጣ።»

ወረቀቱስ ቀላል ነበር። ፎቶ የለም እንጂ! ሺህ ሰው ያተመ ሰው የአባቱን አንድ ፎቶ አጣ። ስምረት ስልኳን ስትበረብር ከሶፊ ሠርግ አንድ አገኘች፤ በቴሌግራም የመጣ፣ አርባ ሰው የታጨቀበት። ጋሽ ዘገዬ ከኋላ ረድፍ፣ በሁለት ሰው ትከሻ መሀል፣ ካሜራው ያላያቸው መስሏቸው ቆመዋል። ሰይፈ ሚካኤል ፊታቸውን ቆርጦ ሲያወጣው ወደ ጎን ስልሳ ነጥብ ብቻ ሆነ። ስልሳ! ደንበኛ ቢያመጣው ኖሮ ስድቡ እስከ መጋላ ሰፈር ይሰማ ነበር።

የሠርጉን ፎቶ ያነሳው ግሩም ጋ ደወለ። ግሩም ሐረር ሥራ ላይ ነው።

«ዋናው ቤት ኮምፒውተሬ ላይ አለ፣ ሰይፌ። ማታ ስገባ በፋይል እልክልሃለሁ።»

«ማታ ምን ይሠራልኛል! ቡልቻ አሁን ሊወጣ ነው።»

«እንግዲህ ምን ላድርግ፣ እዚህ ሠርግ መሀል ነኝ።»

ስልኩን ዘጋው። ቡልቻ ከውጭ ጡሩምባ ይነፋል። ተሳፋሪዎቹ መጮህ ጀምረዋል። ስልሳዋን ነጥብ እንዳለች፣ በጥፍር ልክ፣ ብዥ እንዳለች ወረቀቱ ጥግ ላይ ቢያስቀምጣት ይቻል ነበር። ግን ማን ያያታል? አባቴ ጠፍቶ በጥፍር ልክ ፎቶ? ሆዱ እምቢ አለው። ፊታቸው ወረቀቱን ሞልቶ፣ ከመንገድ ማዶ እንዲታይ ፈለገ። በደንበኞቹ ላይ ሲስቅበት የነበረውን ያንን የሚያጠራ ፕሮግራም ከፈተ። ስልሳዋን ነጥብ ሰጠው። ማሽኑ ትንሽ አሰበና ሁለት ሺህ አድርጎ መለሰለት።

ምን ልበላችሁ፣ ፎቶው አምሮ መጣ። ግንባር፣ ጢም፣ የአንገት ልብስ ክር ሳይቀር ቁልጭ ብሏል። ሁለት ዓይኖች እኩል ተከፍተው ያያሉ። ሰይፈ ሚካኤል አየና እንባው መጣ። አባቱን አየ። እንዴት አላስተዋለም ትሉ ይሆናል። የአባቱን ፊት ዕድሜ ልኩን የሚያውቅ ሰው እኮ የጎደለውን ልቡ ይሞላዋል፤ ለእሱ ግንባራቸውና ጢማቸው ይበቃው ነበር። ጉንጩ ላይ አንድ ጠቆር ያለ ነገር ቀርቶ ነበር፤ ማሽኑ ግራ የገባው የጠባሳው ቅሪት። እጁ፣ ያ ይሳቅ ያሠለጠነው እጁ፣ ከአእምሮው ቀድሞ አበሰው።

ስምረት የመጀመሪያው ወረቀት ከማተሚያው ሲወጣ አንስታ አየችው።

«እንዴት ነው አባባ እንዲህ ያማሩት?» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ዓይናቸው ግን…» አለች።

«ሰውየው ጠፍቶብኝ ስለ ዓይን ታወሪኛለሽ?» ብሎ ጮኸባት። በትዳራቸው እንዲያ ጮኾባት አያውቅም። ወረቀቶቹን ሰብስባ ለቡልቻ ያደረሰችው ራሷ ናት።

ማታ ግሩም እንደ ቃሉ ፋይሉን ላከ። ሰይፈ ሚካኤል መልእክቱ ሲገባ አየው፤ ወረቀቱ ተለጥፏል፣ ከዚህ በኋላ ምን ያደርግልኛል ብሎ ሳይከፍተው ተወው። ድካምም ነበር። ትንሽ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለመክፈት ፈርቶ ነበር፤ ለምን እንደ ፈራ ግን ራሱን አልጠየቀም።

ወረቀቱ ያልደረሰበት ቦታ የለም። ታይዋን ገበያ፣ የመስጊዱ አጥር፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች የሚሳፈሩበት ፌርማታ፣ ከከተማ ውጭ ያሉት ሻይ ቤቶች። ጥርት ያለ፣ ከሩቅ የሚታይ፣ ያየው ሁሉ ከንፈሩን የሚመጥለት ወረቀት። ስልክ ግን የለም። አንዴ የተደወለው ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰው የሚመስል ጡረተኛ መምህር ገበያ ላይ ተይዞ ነው፤ ምስኪኑ «እኔ አልጠፋሁም፣ ሽንኩርት ልገዛ ነው የወጣሁት» እያለ ሲከራከር ሰይፈ ሚካኤል ደረሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቆ ይሞት ነበር። ያን ቀን ግን ይቅርታ ጠይቆ፣ ዞር ብሎ አጥር ተደግፎ አለቀሰ። ሙቀቱ ድንጋይ የሚያፈነዳ ነው። በዚህ ሙቀት አንድ ሽማግሌ ውጭ ስንት ቀን ይከርማል? ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም።

በመጨረሻ፣ ወረቀቱን ለጥፎ ከተመለሰ ወዲህ ሥራውን ትቶ ከተማውን አብሮት ሲዞር የከረመው ቡልቻ፣ «ወሪያ፣ ወረቀት ብቻ አያገኝም። ተነስ፣ በእግራችን እንጠይቅ» ብሎ ሚኒባሱን ባዶውን አስነሳ። ዋሂል ሲደርሱ መኪና የሚቆምበት ጋ፣ ካፊያ የምትባል ሴት ሻይ የምታፈላበት ዳስ አለ። ወረቀቱ የዳሷ ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ ቡልቻ ራሱ ነው የለጠፈው። ሰይፈ ሚካኤል በጣቱ እያሳየ ጠየቃት።

«እህቴ፣ ይህን ሽማግሌ አላየሽም?»

«እሱን? አላየሁትም ወላሂ» አለች ካፊያ። «ማንበብ አላውቅም፣ ፎቶውን ግን በየቀኑ አየዋለሁ። ላየውማ ኖሮ አውቀው ነበር። አባትህ ነው? አላህ ያገናኛችሁ።»

ሻይ ቀዳችለት። ቡልቻ ጀልዴሳ ከተማ የሚያውቀው አንድ ነጋዴ ስላለ ፎቶ በስልክ እንላክለት አለ። ሰይፈ ሚካኤል የወረቀቱን ምስል ሊፈልግ ስልኩን ሲነካካ ጣቱ ግሩም የላከው ፋይል ላይ አረፈ። ተከፈተ። እንደዚያ የታጨቀው ሰው ሁሉ ጥርት ብሎ ታየ። በሁለት ጣቱ ወደ ኋላ ረድፍ አሰፋው። ቢያሰፋው ቢያሰፋው አይደበዝዝም።

አባቱ ነበሩ። የወደቀው የግራ ዓይን ቆብ፣ የጉንጩ ጠባሳ፣ ያ ካሜራ ሲያዩ የሚያሳዩት ኩርፊያ፣ ሁሉም አለ። ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ። ምሰሶው ላይ ያለው ሰውዬ በሁለት እኩል ዓይን ያየዋል፤ ማንም ይሁን ማን፣ የዘገዬ ፊት አይደለም። ሰይፈ ሚካኤል ክው አለ። «ምን አደረግሁ!» የሚለው ቃል ከአፉ ወጣ፤ ቡልቻ ግን ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባውም።

ካፊያ ብርጭቆ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ስልኩን አየችው።

«ውይ፣ ይሄ አባባ!» አለች። «አንድ ዓይኑ የሚተኛው! እሱንስ አውቀዋለሁ፣ እዚህ ነው የከረመው። እዚህ፣ አንተ የተቀመጥክበት ላይ።»

የተቀመጠበት አግዳሚ ከምሰሶው ሥር ነው። ከወረቀቱ ሥር።

«የት አለ?» አለ ሰይፈ ሚካኤል። ድምፁ የሱ አልመሰለውም።

ካፊያ ነገሩ እየገባት ሲሄድ ፊቷ ተለወጠ። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ምሰሶውን ታያለች። ቡልቻ ወረቀቱን ለጥፎ ከሄደ በኋላ ከመኪና ወርዶ መጣ፣ አለች። ስሙን ጠየቅነው፣ አልመለሰም። ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ መሰለን፤ ሻይ ሰጠሁት፣ ዳቦ ሰጠሁት፣ እዚሁ አደረ። ሰላማዊ ሰው ነው። ወረቀቱን ዝም ብሎ ያያል።

«ትናንት ጠዋት፣ ‹ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ማን ነው?› አለኝ። ጠፍቶ ነው፣ ቤተሰቡ ይፈልገዋል አልኩት። አዘነ፣ ወላሂ በጣም አዘነ። ‹ምስኪን፣ ልጆቹ እንዴት ይሆኑ!› አለ። አላህ ያግኘው በል አልኩት፣ ‹አሜን› አለ። ከዚያ ወረቀት አለሽ ወይ አለኝ፤ ቡልቻ ትርፍ ትቶልኝ ነበር፣ አንድ ሰጠሁት። አጥፎ ኪሱ ከተተ። ‹እኔ እፈልገዋለሁ፣ መንገድ መፈተሽ ሥራዬ ነው› ብሎ በዚያ በኩል ወጣ።» እጇን ወደ ሜዳው ዘረጋች። «እኔ የሚቀልድ መሰለኝ። ሳቅኩ እኮ! ሳቅኩበት!» አለችና በሻሿ ፊቷን ሸፈነች።

ሰይፈ ሚካኤል ወረቀቱን ከምሰሶው ላይ ሊገነጥል ተነሳ፣ ግን ተመልሶ ቁጭ አለ። የሚረግመው ሰው ፈለገ፤ ማሽኑን፣ ይሳቅን፣ ቴሌግራምን። አንዳቸውም አልሆኑለትም። አባቱን ማንም እንዳያውቃቸው ያደረገው እሱ ነው። አልበቃ ብሎት፣ የሌለ ሰው ፈጥሮ፣ አባቱን ያንን ሰው ፍለጋ ሰዷቸዋል።

ቡልቻ ግን ሰው ነው፣ አልጠየቀም፣ አልወቀሰም። የዋሂል ሰው ጠርቶ ሰበሰበ፣ የግሩምን ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ አዳረሰ። ትንሿን ስልክ ፀሐይ ላይ በእጁ ጋርዶ ያየው ሁሉ አወቃቸው። አንዱ ትናንት ቀትር ላይ አይቷቸዋል፤ ሌላው ውሃ ሰጥቷቸዋል። ግመል ጠባቂ አንድ ሰው ከአንድ ደረቅ ወንዝ ማዶ ሽማግሌ ተቀምጧል ሲል ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀምራ ነበር። ሰይፈ ሚካኤል የሮጠው ሩጫ በዕድሜው የሚሮጥ አልነበረም።

ጋሽ ዘገዬ ከግራር ሥር ተቀምጠዋል። በሕይወት አሉ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ አንድ እግር ጫማቸው የለም፣ እግራቸው ደምቷል። ሰይፈ ሚካኤል ፊታቸው ተንበረከከ፣ ውሃ አጠጣቸው፣ እያለቀሰ እግራቸውን በሸሚዙ ጠረገ። «አባባ፣ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ አባባ» አለ። አባቱ ውሃውን ጠጥተው እንደ ጨረሱ በትህትና አመሰገኑት፣ እንግዳ ሰው እንደሚመሰገን። ከዚያ ኪሳቸውን ዳበሱና ወረቀቱን አወጡ። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው አቃኑት።

«ወንድሜ፣ ይህን ሰው አይተኸዋል?»

ሰይፈ ሚካኤል ወረቀቱን አየ። ማተሚያው አንድ ነጥብ ሳያዛንፍ ጥርት አድርጎ አውጥቶታል።

«አላየሁትም፣ አባባ።»

«ቤተሰቡ እየተጨነቀ ነው እኮ» አሉ ጋሽ ዘገዬ፣ የሚነቃው ዓይናቸው በቁጣ እየፈጠጠ። «ታዲያ አንተ ምን ትንበረከካለህ? ተነስ እንጂ፣ እንፈልገው!»

ሰይፈ ሚካኤል ተነሳ። አባቱን በብብታቸው ደግፎ አነሳቸው። እስከ ቡልቻ መኪና ድረስ ሽማግሌው ቁጥቋጦውን ግራና ቀኝ እየፈተሹ፣ ልጃቸውም አብሮ እየፈተሸ ሄዱ።